ዕዳ የሌለበት ቁራኛ

ኳስ መጫወት ለብዙ ሰው የዕረፍት ጊዜ ደስታ ነው፤ ደመወዝ ተቆርጦለት ለሚጫወት ሰው ግን እንጀራው ነው። እንግዲህ እንጀራ በሆነ ጨዋታ ውስጥ የሚነሣ ክርክር በማን ሕግ ይዳኛል? ክለቦች ተሰብስበው ባወጡት ደንብ ነውን? ወይስ ሠራተኛ ሁሉ በሚዳኝበት ሕግ?

ይህን ጥያቄ በዳኛ ፊት ያቆመው ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ የቤልጅግ ተጫዋች ነው። ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ተፈጸመ። ክለቡ ውሉን ለማደስ ያቀረበለት ደመወዝ የቀድሞውን ሩብ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ እምቢ ብሎ ደንከርክ ወደሚባለው የፈረንሳይ ክለብ ለመሄድ ተስማማ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ደንብ ውሉ ላለቀ ተጫዋች እንኳ የዝውውር ገንዘብ ይጠየቅ ነበር። ሊዬዥም ደንከርክ የሚከፍል ስላልመሰለው፥ የመሸኛው ወረቀት እንዲላክ ሳይጠይቅ ቀረ። ሰውዬውም ከሁለቱ ሳይሆን ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሀገራችን በቀድሞው ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በቁራኛ ተሳስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሥርዓቱ ከባድ ቢሆንም የሚታሰረው ዕዳ አለበት የተባለ ሰው ነው። ቦስማን ግን የውሉን ዘመን ፈጽሞ፥ የማንም ዕዳ ሳይኖርበት፥ ለሁለት ክለቦች ሂሳብ መያዣ ሆነ።

በሉክሰምበርግ የሚያስችለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 15 ቀን 1995 ፍርዱን ሰጠ። የ1957ቱ የሮማ ውል ለሠራተኛ የሰጠው ከአገር ወደ አገር ተዘዋውሮ የመሥራት መብት ለተጫዋችም ነውና፥ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ሌላ አባል አገር ሲሄድ ገንዘብ አይጠየቅበትም አለ።

ክለቦቹ ልጆችን ለማሠልጠን ለምናወጣው ገንዘብ ምን እናገኛለን ብለው ተከራክረው ነበር። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። በ1995 የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደው አያክስ፥ በ1996 ኤድጋር ዳቪድስን፥ በ1997 ፓትሪክ ክላይቨርትን ያለ ዝውውር ገንዘብ ለሚላን አስረክቧል። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ወጣቶችን የማሠልጠን ዓላማ መልካም መሆኑን አልካደም፤ የነቀፈው መንገዱን ነው። በ2001 የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሌላ መንገድ አበጀ፤ ወጣቱን ላሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ፥ ውሉ ሳያልቅ ለሚዛወረውም ከዝውውሩ ገንዘብ እስከ 5 በመቶ እንዲከፈላቸው ደነገገ።

እንግዲህ የአሠልጣኝን ድካም መክፈል ሰውን ሳያስሩም የሚቻል ነበር። ታዲያ ይህ መንገድ አስቀድሞ ስለ ምን አልታሰበም? ደንቡን ያወጡት ወገኖች ሸክሙን የሚሸከሙት እነርሱ ስላልነበሩ ይመስለኛል። ደንብ የምናረቅ ሰዎች ሁሉ ይህን ልናስብ ይገባናል፤ የማኅበር ስምምነት በተስማሙት ዘንድ ውል ነው፥ ባልተጠየቀው ሰው ላይ ሲወድቅ ግን ግፍ ሊሆን ይችላል።

ፍትሕም ብትዘገይ ዋጋ ታስከፍላለች። ፍርዱ ሲሰጥ ቦስማን 31 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የጨዋታ ዘመኑ በሙግት አልፎ፥ በከፈተው በር ሌሎች ገቡበት።