የታወቀ ስም

ሰው አስቀድሞ የታወቀውን ነገር ቢናገር ባልንጀራውን አሳልፎ ሰጠ ሊባል ይችላልን? ላይ ላዩን ለሚመለከተው መልሱ ቀላል ነው፤ የተገለጠ ነገር ዳግመኛ ሊገለጥ አይችልምና ተናጋሪው አንዳች አልበደለም ያሰኛል። ዳሩ ግን ይህ ጥያቄ በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የቲያትርና የፊልም ሰዎች ላይ በእውን ወድቆ ነበር፤ ብዙዎችን ከእንጀራቸው፣ ጥቂቶችንም ከሕይወታቸው ለይቷል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው፣ ቀዝቃዛው ጦርነት እየከረረ ሲሄድ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት «ፀረ አሜሪካዊ ተግባራት» የሚላቸውን የሚመረምረው ኮሚቴ በ1947 ፊቱን ወደ ሆሊውድ አዞረ። አብዛኞቹ ደራሲያን የሆኑ አሥር የፊልም ባለሙያዎች ስለ ፓርቲ አባልነታቸው ተጠይቀው መልስ ባለመስጠታቸው ምክር ቤቱን በመድፈር ተከሰሱ፤ በ1950ም ወህኒ ወረዱ። የስቱዲዮ ባለቤቶች እነዚህን ሰዎች እንደማያሠሩ ያስታወቁት ገና በ1947 መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ያልፈረመበት፣ ሁሉም ግን የሚታዘዘው ጥቁር መዝገብ ሥራውን ጀመረ። ስሙ የሰፈረበት ሰው ስልኩ አይጮኽም፤ ምክንያቱንም የሚነግረው አያገኝም። ተዋናዩ ፊሊፕ ሎብ በ1955 ራሱን አጠፋ። ከመዝገቡ የሚያስወጣው ዋነኛው በር አንድ ነበር፤ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ መጸጸትና የወዳጆችን ስም መጥራት።

ኮሚቴው ስሞቹን በእርግጥ ይፈልጋቸው ነበርን? አይመስለኝም። የፖሊስ ፋይል በእጁ ነበር፤ ከቀደሙት ምስክሮችም ያንኑ ስም ደጋግሞ ሰምቷል። ተዋናዩ ላሪ ፓርክስ በመጋቢት 1951 ቀርቦ ስለ ራሱ ሁሉን ከተናገረ በኋላ የሌሎችን ስም እንዳያስጠሩት ለመናቸው። በዝግ ስብሰባ አስጠሩት፤ የፊልም ኑሮውም ከዚያ በኋላ አላንሠራራም። ጠቋሚ የሚለውን ቃል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያሻም። ጠቋሚ ግን ያልታወቀውን ያሳያል፤ እነዚህ ሰዎች የተጠሩት የታወቀውን እንዲጠቁሙ ነበር። የተፈለገው ወሬው ሳይሆን አፉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው የኤሊያ ካዛን ነገር ነው። የአርተር ሚለርን «የሻጩ ሞት» በ1949 ለመድረክ ያበቃ፣ በዘመኑ አቻው በቀላሉ የማይገኝ አዘጋጅ ነበር። በጥር 1952 ስለ ራሱ ተናግሮ ስም አልጠራም አለ፤ በሚያዝያ ወር ግን ተመልሶ በ1930ዎቹ በግሩፕ ቲያትር አብረውት የሠሩ ስምንት ሰዎችን ጠራ። ከሁለት ቀን በኋላም በኒው ዮርክ ታይምስ ማስታወቂያ አውጥቶ ያደረገው ተገቢ መሆኑን አስረዳ፤ ሌሎችም እንዲከተሉት መከረ። ከስምንቱ አንዱ ተዋናዩ ኤድዋርድ ብሮምበርግ ነበር። ብሮምበርግ ለሥራ በሄደበት ለንደን በታኅሣሥ 1951 ሞቷል። ኮሚቴው የሙት ስም ምን ይሠራለታል? እዚህ ላይ ደርሼ «ያው የታወቀ ነው» የሚለው ማመካኛ ክሱን ሲያቀል ሳይሆን ሲያከብደው አያለሁ። ለአንዳች ጥቅም የተሰጠ ስም ቢሆን ኖሮ በጥቅሙ እንመዝነው ነበር፤ ይህ ግን ለመታዘዝ ብቻ የተሰጠ ነው።

ካዛን የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ንቀን ልናልፈው አይገባም። ፓርቲው በከያኒያን ሥራ ጣልቃ መግባቱን ጠልቶ ገና በ1930ዎቹ ትቶት ወጥቷል። ጥላቻው ከልብ መሆኑን አምናለሁ፤ ከያኒን እንደ ወታደር ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሁሉ ያምነዋል። ነገር ግን ያን በደል በራሱ ስም ሊመሰክር ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጸሐፌ ተውኔት ሊሊያን ሔልማን ስለ ራሷ ሁሉን ልናገር፣ ስለ ሌሎች ግን አትጠይቁኝ ብላ ለኮሚቴው ጻፈች፤ አልተቀበሏትም። በሕጉ መሠረት ስለ ራሱ መናገር የጀመረ ሰው፣ ስለ ሌሎች ሲጠየቅ ዝም በማለት መብቱ ሊጠለል አይችልም ነበር። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው።

ካዛን በ1954 የሠራውን «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» የተባለውን ፊልም አይቼዋለሁ፤ ማርሎን ብራንዶ የወደብ ሠራተኛውን ሲጫወት ሙያ ማለት ምን እንደሆነ አሳይቶናል። ስምንት ኦስካር ማግኘቱ አይደንቅም። ሠራተኛው በሽፍቶቹ ላይ ሲመሰክር ተመልካች ከልቡ ይደግፈዋል። የፊልሙ ሽፍቶች ግን ሰው ገድለዋል፤ የግሩፕ ቲያትር ተዋንያን ማንን ገደሉ?

ሚለር በበኩሉ በ1953 በ«ዘ ክሩሲብል» ወደ 1692ቷ ሴለም ተመለሰ፤ ጥንቆላን ያመነ የሚድንባት፣ የካደ የሚሰቀልባት ከተማ ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተሰቅለዋል። በ1956 እሱም ተጠራና ስለ ራሱ ተናግሮ የሌሎችን ስም አልሰጥም አለ። በ1957 ተፈረደበት፤ በ1958 ፍርዱ ተሻረ። አከብረዋለሁ፤ ሆኖም ለእውነት ስንል በ1956 እሳቱ መብረድ መጀመሩን፣ የብሮድዌይም ቲያትር ከሆሊውድ ይልቅ ለጥቁሩ መዝገብ እምብዛም አለመታዘዙን መዘንጋት የለብንም። የ«አይሆንም» ዋጋ እንደ ዓመቱና እንደ ሥራው ይለያያል።

ከአሥሩ እስረኞች አንዱ ዳልተን ትራምቦ ለዓመታት በሌላ ስም ሲጽፍ ኖረ። በ1957 ሮበርት ሪች የሚባል ደራሲ ኦስካር ሲሸለም ባለቤቱ ብቅ ሳይል ቀረ፤ ሮበርት ሪች ትራምቦ ነበርና። ይህ ሰው በ1970 የደራሲያን ማኅበር ሽልማት ሲቀበል ከዚያ ዘመን ጀግናም ወንጀለኛም አትፈልጉ፣ ሁላችንም ተጎጂዎች ነበርን የሚል ንግግር አደረገ። አብሮት የታሰረው አልበርት ማልትዝ ይህን አልተቀበለውም፤ ወህኒ የወረደውና ስም ሰጥቶ ሥራውን የያዘው እንዴት እኩል ይሆናሉ አለ። እኔ ከማልትዝ ጋር ነኝ። የትራምቦ ቃል እንደ ምሕረት ታላቅ ነው፤ እንደ ፍርድ ግን ይጎድላል፤ ምሕረት የሚደረገው የበደለ ሰው ሲኖር ነውና።

ሚለር ራሱ በ1964 አዲስ ተውኔቱን ካዛን እንዲያዘጋጅለት ሰጠው። በ1999 ደግሞ ካዛን በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ የክብር ኦስካር ሊቀበል መድረክ ላይ ሲወጣ ከአዳራሹ ገሚሱ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ አንዳንዱም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ስምንቱን ስሞች በዚያ ምሽት ከመድረኩ የጠራቸው አልነበረም። ከስምንቱ አንዷ ተዋናይት ፊቢ ብራንድ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነበር።