የለቀቁት ስፍራ ዕዳ

ሰው ከሰው ገንዘብ ቢበደር ባለዕዳ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ሰው ኖሮበት፣ ተጠቅሞበት፣ በኋላም ትቶት ለሄደው ስፍራ ባለዕዳ ይሆናልን? ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እንዲህ ቀላል አይሆንም። አንዳንዱ፣ «መሬት አፍ የለው፣ ጆሮ የለው፤ ብንበድለው አይከሰን፣ ብንክሰው አያመሰግነን፤ ስለዚህ ዕዳ የሚባለው ነገር በሰውና በሰው መካከል ብቻ ነው» ይል ይሆናል። የዚህን አነጋገር እውነትና ሐሰት ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘው ትንሽ ከተማ፣ አዲስ ዓለም፣ ትበቃናለች።

አስቀድመን ከተማ ስለሚለው ቃል ጥቂት እንናገር። ቃሉ ከተመ ካለው ግሥ ጋር አንድ ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን የሚያመለክተው ንጉሥና ሠራዊቱ የሰፈሩበትን ቦታ ነበረ። ስለዚህ ንጉሡ ድንኳኑን ሲነቅል ከተማውም አብሮ ይነቀል ነበር። በሰፈሩ ዙሪያ ያለው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ሲያልቅ፣ ውሃና እንጨት ወደ ሞላበት ሌላ ስፍራ መሄድ የተለመደ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክም ከአንኮበር ተነሥተው በልዩ ልዩ ስፍራ ከከተሙ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተቀመጡ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከተራራው በታች በፍል ውሃው አጠገብ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ግን ከላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

አዲስ አበባም ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የቀደሙት ከተሞች ዕጣ ደረሰባት። በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ አለቀ፤ ማገዶም ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ሌላ ዋና ከተማ ሊሠሩ አስበው፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው፣ ጤፍና ስንዴ በሚዘራበት በእጀሬ አገር ስፍራ መረጡ። መሐንዲሶችና ሠራተኞች ተላኩ፤ የቤተ መንግሥቱም ሥራ ተጀመረ፤ የከተማዪቱም ስም አዲስ ዓለም ተባለ።

ነገር ግን የታሰበው አልሆነም። ከአውስትራልያ የወጣው፣ ባሕር ተሻግሮ በመምጣቱ ባሕር ዛፍ የተባለው ዕንጨት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው ይላሉ። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ለቤትና ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው ተመልሶ ያቈጠቍጣል። በዚህ ላይ በአዲስ አበባ ቤት የሠሩት የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ሁለተኛ ከተማ መቆርቆሩን አልወደዱም። ስለዚህ መንግሥቱ በአዲስ አበባ ጸና፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የቅኔ ተማሪ ቢሆን በሁለቱ ከተሞች ስም ሰምና ወርቅ ያገኝበታል፤ ዓለም የተባለችው ዓለምን ትታ መቅደስ ስትሆን፣ አበባ የተባለችው ሳትረግፍ ቀርታለችና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መሬት አፍ የለውምና ዕዳ የለብንም ያለው ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል። ንጉሥ ሲነሣ ገበሬ አይነሣም። ሠራዊቱ ጓዙን ጭኖ ወደ ለምለሙ ስፍራ ሲሄድ፣ በተመለጠው ኮረብታ ሥር ጎርፍ አፈሩን ሲጠርገው የሚያይ፣ ምንጩ ሲደርቅበት ውሃ ፍለጋ የሚወርድ፣ በዚያው የሚቀረው ሰው ነው። ከእርሱም በኋላ በዚያ የሚወለድ ልጅ አለ። ስለዚህ ለስፍራ ያለብን ዕዳ በእውነቱ ለሰው ያለብን ዕዳ ነው፤ ባለገንዘቡ ገና ስላልተወለደ ወይም ድምፁ ስላልተሰማ ብቻ ዕዳው አይሰረዝም። በልቶ የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው የሚነቀፈው፣ ወጪቱ ስለሚያለቅስ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚበላ ስላለ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «ትልቅ ሕንፃ ትቶ ከሄደ ዕዳውን ከፍሏል» ይል ይሆናል። ይህም ብቻውን አይበቃም። የሮም ሊቃነ ጳጳሳት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1309 እስከ 1377 ድረስ፣ ዛሬ በፈረንሳይ አገር ባለችው በአቪኞን ከተማ ተቀምጠው ታላቅ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። እነርሱ ወደ ሮም ከተመለሱ ከብዙ ዘመን በኋላ ያ አዳራሽ የወታደር ሰፈር እስከ መሆን ደረሰ። ድንጋይ በራሱ ዕዳ አይከፍልም። በአዲስ ዓለም ግን የተተወው ቤት ለቀሩት ሰዎች የሚጠቅም ሥራ ተሰጠው፤ የሚቀድሱበት፣ የሚያስተምሩበት፣ የሚጠብቁትም ሰዎች አገኘ። ዋና ከተማነት ከሌላ የሚሰጥ ማዕርግ ነውና ሰጪው መልሶ ይወስደዋል። ትንሺቱ ከተማ ማዕርጓን ብታጣም ሥራዋን ስላገኘች ባድማ አልሆነችም።

አዲስ አበባስ? ከስደት ያዳናት አንድ ዛፍ መሆኑን ማሰብ ይገባታል። ሲቆርጥና ሲሄድ የኖረው ከተማ መትከል በጀመረ ጊዜ መቀመጥን ተማረ፤ የሚተክል ሰው ፍሬውን ሊጠብቅ ግድ ነውና። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ያለ ዋጋ አልመጣም። ውሃ ይወዳል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። የከተማዪቱንም ማገዶ ለብዙ ዘመን የተሸከሙት ድሆች እናቶች ናቸው፤ ከእንጦጦ ተዳፋት ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው፣ በጉለሌ በኩል ወርደው በጥቂት ገንዘብ ይሸጡት ነበር። በሞቀ ቤት ተቀምጦ እንጀራ የበላ ሁሉ የእነዚያ እናቶች ባለዕዳ ነው።

ዛሬ በጉለሌ፣ በዚያው በእንጦጦ ግርጌ፣ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የዕፅዋት ማእከል አገር በቀል ዛፎችን እየተከለ ይጠብቃል። ዘመነ ምኒልክ ለማገዶ ያጠፋው ጽድና ወይራ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለሱ፣ የአባቶችን ዕዳ ልጆች ሊከፍሉት እንደሚችሉ ያስረዳል። ጽድ ግን እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም፤ ዛሬ የሚተክለው ሰው በጥላው አያርፍ ይሆናል። ይህም ቢሆን መትከሉን ሊያስቀርበት አይገባም፤ እኛም ያረፍንበትን ጥላ የተከልነው እኛ አይደለንምና።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከደብር ወደ ደብር፣ ከሹመት ወደ ሹመት የምንዛወር ሁላችን፣ ጓዛችንን ስንጭን ምን እንደ ያዝን ብቻ አንቍጠር። ከእኛ በኋላ በዚያ የሚያድረው ሰው እሳት የሚያነድበት እንጨት፣ የሚጠጣው ውሃ እንደ ተወንለት ዞረን እንይ።