የመበለቲቱ ማድጋና የሱቁ ደብተር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ባልንጀራ ምርጫ በዚህች መጽሔታችን ብዙ ተጽፏል። ስለ ቤት ዕዳ ግን አንድም ሰው ሲጽፍ አላየንም። ነገሩ የወላጆች ብቻ ስለሚመስለን ነው፤ ደግሞም ያሳፍራል። ይሁን እንጂ በወር ማለቂያ አባትና እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰምቶ በመኝታው ላይ ያልተገላበጠ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ስለዚህ አፍረንም ቢሆን ስለ ቤታችን ለመጻፍ ተነሥተናል።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ያለውን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። አበዳሪ መጥቶ ሁለቱን ልጆቿን ባሪያዎች አድርጎ ሊወስድባት ነው። ኤልሳዕም በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ ከልጆቿ ጋር ገብታ በሩን እንድትዘጋ፣ ዘይቱንም እንድትገለብጥ አዘዛት። ልጆቿ ማድጋውን ያቀርቡላት ነበር፤ እርስዋም ትሞላ ነበር። ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱም ቆመ። ነቢዩም ዘይቱን ሸጣ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት።

ስለዚህ ታሪክ ስንማር ሁልጊዜ ስለ ዘይቱ መብዛት እንደነቅና እናልፋለን። በእርግጥም ተአምር ነው። ነገር ግን ዕዳውን ያመጣው ሰው ማን ነበረ? ከነቢያት ልጆች ወገን የሆነ፣ እግዚአብሔርን ይፈራ የነበረ ሰው ነው እኮ! ሰካራም ወይም ቁማርተኛ ነበረ አልተባለም። ስለዚህ የጎረቤታችንን ዱቤ ሰምተን ከንፈር የምንመጥ ሁሉ ጥቂት ብንታገሥ መልካም ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ እንደነበረ እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ የተበደረ ሁሉ አባካኝ አልነበረም።

የእኛ ቤት ዕዳ ግን ሁሉም ከገበያው የመጣ አልነበረም፤ ይህን አንሸሽግም።

በቤታችን ስድስት ነን። አባታችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ናቸው፤ ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። እናታችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ይሸጣሉም። ታላቅ እኅታችን ከሥራ የምትገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የቀረነው ሦስቱ ተማሪዎች ነን። አብረን የምንበላው እሑድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሁሉ ሲገኝ። እንግዲህ ከሰፈራችን ሱቅ አንድ የዱቤ ደብተር አለን። አንዱ ሳሙና ይወስዳል፣ አንዱ ዳቦና ስኳር፣ አንዱ የስልክ ካርድ፣ አንዱ ዘይት፤ ሁሉም «በቤቱ ስም ይጻፉልን» ብሎ ይሄዳል። የሚወስዱ ስድስት፣ የሚደምር ግን የለም። ትልቅ ነገር የገዛ ሰው ሳይኖር ዕዳው 11,400 ብር ደረሰ። የሚሯሯጥ ቤተ ሰብ ዕዳ እንዲህ ነው የሚያድገው፤ ሁሉም ይደክማል፣ ሁሉም «ሌላው ያውቀዋል» ይላል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ማለቂያ አንድ እሑድ ማታ አባታችን የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው መጡና በሩን ዘጉት። «ያለብንን ሁሉ ዛሬ እንጽፋለን» አሉ። ከመሥሪያ ቤታቸው የብድርና ቁጠባ ማኅበር ገና 18,000 ብር ቀርቶባቸው ነበር፤ በየወሩ 2,000 ብር ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ቀድመን የበላነው እቁብ የ8 ወር፣ 8,000 ብር ይቀረዋል። ለአክስታችን 6,000 ብር አለብን። ሱቁ ሲጨመር 43,400 ሆነ። አባታችን መስመር አሰመሩና «በቃ ይኸው ነው» አሉ።

እናታችን ግን ተነሥተው ወደ ማእድ ቤት ገቡ። ከቆዩ በኋላ ተመልሰው ቆመው ሳሉ «10,000 ብር ጨምርበት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የእናታቸው፣ የአያታችን ተዝካር ሲደርስ አባታችን የሰጡት ገንዘብ ለካህናቱና ለነዳያን ይበቃ ነበር። እናታችን ግን «እናቷን እንዲህ አድርጋ ሸኘቻት» እንዳይባሉ ፈርተው ከአንድ ሰው 10,000 ብር በአራጣ ተበደሩ፤ ወለዱ በወር 1,000 ብር ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ከእንጀራው እየቀነሱ 5,000 ብር ከፍለው ነበር። ዋናው ግን አንድ ብር እንኳ አልተነካም።

አባታችን ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። እኛ ልጆቹም አንገታችንን ደፋን። ከእኛ አንዱ ደግሞ (ማን እንደሆነ ጓደኞቻችን ይገምቱት) በዚያችው ሰዓት 1,200 ብር የስልክ ብድር በኪሱ ይዞ ጭጭ ብሎ ነበር። እናት ቆማ ስትናዘዝ ልጅ ዝም አለ። የተናዘዘው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ለዚያውም በታናሽ እኅቱ በኩል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ስለ አራጣ ጥቂት እንጨምር። በ325 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶቻችን፣ 318ቱ ሊቃውንት፣ በ17ኛው ቀኖናቸው ገንዘቡን በወለድ የሚያበድር ካህን ከማዕረጉ እንዲሻር ወስነዋል። በስሙ ጠርተው ከነቀፉት አንዱ በወር ከመቶ አንድ የሚወሰደው ወለድ ነው፤ በዓመት 12 በመቶ መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ ላይ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ከልክሏል። የእናታችን በወር ከመቶ 10 ነበር፤ በዓመት 120 በመቶ! አበዳሪው በዓመቱ ገንዘቡንና ከዚያም በላይ ወስዶ ዋናውን ገና ይጠብቃል ማለት ነው። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ ተበዳሪ ግን ስለሚያፍር አይናገርም። አራጣ በእፍረት ይኖራል።

ደግሞስ ይህ እፍረት ከየት መጣ? ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሙታን ጸሎትን፣ መሥዋዕትን፣ ለድኻ መመጽወትን ታስተምራለች። ድንኳን ሙሉ ሰው ጥራ፣ ጠላ ጥመቅ፣ ካልቻልህም ተበደር ብላ አላዘዘችም። ያዘዘው ሰፈር ነው። እኛም የሰፈር ሰዎች ነንና፣ በሰው ተዝካር ተቀምጠን «ወጡ ቀጠነ» ያልን ሁሉ በእናታችን ዕዳ ውስጥ ድርሻ አለን።

ያን ማታ የኤልሳዕን ታሪክ ያነሣው ማንም አልነበረም። ታናሽ ወንድማችን ግን ዙሪያውን ተመለከተና «ታዲያ ምን አለን?» ብሎ ጠየቀ። ያለን የእናታችን የሠርግ ቡፌ ነበር። ከብርጭቆዎቹ ጋር በ7,500 ብር ተሸጠ። እኅታችን ከቁጠባዋ 2,500 ጨመረችና በዚያው ሳምንት አባታችን ራሳቸው ሄደው አራጣውን ዘግተው መጡ። ቡፌው በበሩ ሲወጣ እናታችን ጀርባቸውን አዙረው ምጣዱን ያሰሱ ነበር።

አንዲት ነገር እዚህ ላይ እንበል። መበለቲቱ ማድጋ ተዋሰች እንጂ አልተበደረችም። በቋንቋችን መዋስና መበደር ልዩ ልዩ ናቸው፤ የተዋሱት ዕቃ ያው ራሱ ይመለሳል፣ የተበደሩት ገንዘብ ግን ይበላና ሌላ ገንዘብ ይፈለጋል። እርስዋ የተዋሰችው መሥሪያ የሚሆን ዕቃ ነው። ማድጋውን ያመላለሱት ደግሞ ሊወሰዱ የነበሩት ልጆች ናቸው፤ እናቲቱ ደብቃ ብቻዋን አልሠራችም። የእኛ ማድጋ የእንጀራ መሶብ ሆነ። እናታችን በቀን 20 እንጀራ መጨመር ይችሉ ነበር፤ የሚያደርስላቸው ግን አልነበረም። ከወንድማችን ጋር ተራ ገብተን ከትምህርት በፊት ለሁለት ምግብ ቤቶች ማድረስ ጀመርን። ከአንዱ 4 ብር ትርፍ፣ በ25 ቀን 2,000 ብር ነው። በዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ መሶብ ይዘን ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር በተገናኘንበት በመጀመሪያው ቀን መንገድ ለመቀየር ማሰባችንን አንክድም።

ለወለድ ይሄድ የነበረው 1,000 ብር ሲታከልበት ለዕዳ በወር 3,000 ብር ተገኘ። ከኅዳር ጀምሮ ደመወዙና የእንጀራው ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ በእጅ የሚገባው 23,000 ብር በፖስታ ይከፈላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የዕዳው ፖስታ ይታሸጋል። እንደ ነቢዩ ቃል መክፈል ይቀድማል፣ መኖር በቀረው ነው። ቀድሞ ግን የምንከፍለው የተረፈ እንደሆነ ነበር፤ ተርፎም አያውቅም። ለእህልና ለአስቤዛ 11,500፣ ለትራንስፖርት 3,200፣ ለትምህርት ቤት 2,400፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለስልክ 1,000፣ ለእቁብና ለእድር 1,200 ይመደባል። የሚተርፈው 700 ብር ለድንገተኛ ነው። የሱቁ ደብተር ተዘጋ፤ የሚገዛው በእጅ ብቻ፣ እሱም በአንድ ሰው ሆነ።

አባታችን ወደ ባለሱቁ ሄደው በየወሩ እንከፍላለን ብለው ሲነግሩት ሰውየው የራሱን ደብተር አውጥቶ አሳያቸው። ለካስ እርሱም ከጅምላ ነጋዴ ተበድሮ ኖሯል! የእኛ 11,400 ብር በእርሱ ላይ ዕዳ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ዱቤ እያዘገየን በየሳምንቱ ስናስቀድስ ይህ አልታሰበንም ነበር።

ሁሉ ቀና ብሎ ሄደ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ ታናሽ እኅታችን በታይፎይድ ታመመችና ለሱቁ ከታሰበው 1,800 ብር ለሕክምና ወጣ፤ ባለሱቁ 1,200 ብቻ ተከፈለው። አባታችንና እናታችን በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ተጣሉ። የሱቁ ያለቀው በመጋቢት ነው። ለፋሲካ በግ አልታረደም፤ አንድ ዶሮ ነበር፤ ጎረቤትም ጠየቀ። የአክስታችን በግንቦት፣ እቁቡ በሰኔ፣ የማኅበሩም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተፈጸመ። የስልኩን 1,200 ባለቤቱ ከኪስ ገንዘቡ በአራት ወር ከፈለ፤ ቤቱ አልረዳውም፣ ተገቢም ነበር።

ከእናንተ አንዳንዶቹ «ዕዳ ያለበት ሰው ዐሥራት ያውጣ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ይህን ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡ፤ እኛ በእርሳቸው ቦታ ልንፈርድ አንደፍርም። የቤታችን ንስሐ አባት ግን ነገሩን ሲሰሙ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ዐሥራት ሳይሆን አባታችን እናታችንን ይቅር ብለው እንደሆነ ነበር።

ደብተሩ አሁንም አለ። ባለፈው እሑድ ማታ በሩ ተዘግቶ እንደገና ተከፈተ፤ ለታላቅ እኅታችን ሽማግሌ መጥቷልና። አባታችን በአዲስ ገጽ ላይ «ሠርግ» ብለው ጻፉና ከሥሩ 300 እንግዳ አሉ። እናታችን ቡፌው በነበረበት ባዶ ቦታ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው እርሳሱን ተቀበሉና 300 ላይ መስመር አሰመሩበት፤ 80 ብለው ጻፉ። አባታችን «ሰው ምን ይላል?» አሉ። እናታችን አልመለሱም፤ እርሳሱን ለእኅታችን አቀበሏት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።