ከሽልማቱ ማግስት

ከጉለሌ ዕድሮች አንዱ አገር አቀፍ የሽልማት ግብዣ እንዲያስተናግድ ቢጠየቅ፣ የሚያቀርበው ዕቃ አያጣም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ በአባላቱ ወርኀዊ መዋጮ የተገዙ ናቸው። ዕድር ግን ከዕቃው ጋር አንድ ሥርዐትም ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ሀብታሙም ድኻውም እኩል አዋጥተው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ድንኳን የሚተከልበት ሥርዐት ነው። ሽልማት በአንጻሩ ይመርጣል፤ ከብዙዎች መካከል አንዱን ነጥሎ ወደ መድረክ ያወጣል። ታዲያ ሰውን የማያበላልጥ ማኅበር ማበላለጥን ሲያስተናግድ፣ ፍትሕ ከየትኛው ወገን ትቆማለች?

መምረጥ በራሱ በደል አይደለም። «ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ይባላል፤ የዕድርም ዋነኛ አገልግሎት ለሟችና ለሐዘንተኛ ነው። ሽልማት ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ሰው በሕይወት ሳለ ምስጋናውን በጆሮው እንዲሰማ ያደርጋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን፣ በ1965 ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ በ1966 ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲሸልም፣ ብሩሽና ብዕርም አገር የሚያኮራ ሥራ መሆኑን በአደባባይ መሰከረ። ድርጅቱ ከአብዮቱ ጋር ቢያከትምም የማመስገን ፍላጎት አላከተመም፤ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ለዚህ ምስክር ነው። ሁሉንም እሸልማለሁ የሚል ማንንም አይሸልምምና፣ ምርጫ የግድ ነው።

ይሁንና ክብር ለተከባሪው ፈተና መሆኑ አይቀርም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1964 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አልቀበልም ሲል፣ ደራሲ ራሱ ወደ ተቋምነት እንዳይለወጥ መጠንቀቅ አለበት የሚል ምክንያት አቅርቧል። ስጋቱ እውነትነት አለው፤ ሽልማት ሰውን ከሥራው ሊነጥለው ይችላል። ነገር ግን ከዚህ የከፋ ሌላ መነጠል አለ። እርሱም አንዱን ለክብር ካበቁት ብዙ እጆች መነጠል ነው።

የአማርኛው ቃል ራሱ ይህን ያስታውሳል። «ሸለመ» ማለት አስጌጠም ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ጀግና ሲሸለም ለምድና ካባ ይለብስ ነበር፤ ዛሬም ተሸላሚው መድረክ ላይ ሲወጣ ካባ ወይም ጋቢ የሚደረብለት ጊዜ አለ። በዚያች ሰዓት የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በልብሱና በለባሹ ላይ ነው። ጥጡን በእንዝርት የፈተለችውን ሴት፣ ድሩን አድርቶ ማጉን በመወርወሪያ ያሳለፈውን ሸማኔ የሚያስብ ጥቂት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ ግን ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎች እጅ የታወቀ ነው።

እነዚህ እጆች አለመመስገናቸው ብቻ ሳይሆን መሰደባቸውም ታሪክ ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። ያ አዋጅ ለማንም ሜዳሊያ አልሰጠም፤ ግን የማንኛውም ሽልማት መሠረት የሆነውን ነገር ጠየቀ። የሥራን ክቡርነት ሳይቀበሉ ሠራተኛን ማክበር አይቻልምና። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ስድቡ ከአንደበት ፈጥኖ አልጠፋም፤ ንቀት በአዋጅ ብቻ እንደማይሻርም አሳይቷል።

እንግዲህ ዕድሩና ሽልማቱ የሚጣሉ አይደሉም። ሽልማቱ ለዕድሩ ሰውን በሕይወቱ ማመስገንን ያስተምረዋል፤ ዕድሩም ለሽልማቱ ማንም ብቻውን እንደማይቆም ያስተምረዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ከሸማኔው ቤት የወጣ ጥበብ ነው። ተሸላሚው የድሩ አንድ ክር ነው፤ ጎልቶ መታየቱ ሌሎቹን ክሮች አላስፈላጊ አያደርጋቸውም።

ስለዚህ የግብዣው ፈተና ያለው በማታው ጭብጨባ ውስጥ አይደለም። ወጥ የሠሩት ሴቶች ከማዕዱ ተቀመጡ ወይስ ከጓዳ ቀሩ? የካባው ሠሪ ስም ተጠራ ወይስ ተረሳ? ከሁሉም በላይ ግን በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ጋቢ የሚገዛው እንግዳ፣ ማታ ለክብር ያጨበጨበበትን እጅ ጠዋት የሸማኔውን የድካም ዋጋ ለመቁረስ ያነሣው እንደ ሆነ፣ ሽልማቱ ገና አልተሰጠም።