ሃምሳ ሎሚና ሁለት ነርስ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምትለዋ ተረት ዕድር ላይ ትነገራለች፣ መዋጮ ሲጠየቅ ትነገራለች፣ የሠርግ ድንኳን ሲተከልም ትነሳለች። ሆስፒታል ውስጥ ግን የምትጠቀስበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ ሰው ሲጎድል። አንዷ ወሊድ ፈቃድ ወጥታ፣ አንዱ ሥራ ለቅቆ፣ ሌላዋ ታማ፣ በሌሊቱ ተረኞች ሰሌዳ ላይ ሁለት ስም ብቻ ሲቀር ኃላፊው ሎሚውን ያነሳል። «ተባብራችሁ ተወጡት» ማለቱ ነው።

የተረቷ ነገር ግን ከመተባበር በፊት ሒሳብ ነው። ሃምሳ ሎሚ አለ፣ ሃምሳ ሰው አለ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይደርሰዋል። ያኔ ሎሚው ክብደቱ ይረሳና እያሸተቱ የሚሄዱበት ይሆናል። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረውም አንድ ሎሚ ነው እንጂ ጆንያ ሙሉ አይደለም። ሰዉ ሁለት ከሆነ ግን ሃያ አምስት ሃያ አምስት ይደርሳቸዋል፤ ሁለቱ የቱንም ያህል ቢዋደዱ ጌጥ አይሆንላቸውም።

በመድኃኒት እንየው። ሴፍትሪያክሶን ብዙ ተኝቶ የታከመ ሰው የሚያውቀው መርፌ ነው። በብልቃጥ፣ ዱቄት ሆኖ ይመጣል። ክዳኑ በአልኮል ይጠረጋል፣ ለ1 ግራሙ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገባበታል፣ እስኪሟሟ ይነቀነቃል፣ በሲሪንጅ ይሳባል። ደም ሥሩ ላይ የተተከለው ካኑላ እንዳልተዘጋ ይታይና ከ2 እስከ 4 ደቂቃ እየፈጀ፣ ቀስ እየተባለ በደም ሥር ይሰጣል። የታካሚውን ስም ማረጋገጡና ቻርቱ ላይ መፈረሙ ሲጨመር ለአንድ ሰው 8 ደቂቃ ይሄዳል ብንል አላጋነንም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ይህ መርፌ የታዘዘላቸው 15 ሰዎች ካሉ፣ ለአንዲት ነርስ ሁለት ሙሉ ሰዓት ነው። አንድ መድኃኒት ብቻ! የደም ግፊትና ትኩሳት መለካቱ፣ ኦክስጅኑን መከታተሉ፣ ከድንገተኛ ክፍል አዲስ የመጣውን መቀበሉ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ወይ የመጨረሻው ሰው መድኃኒቱን 2 ሰዓት ላይ ያገኛል፣ ወይ 4 ደቂቃው ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። ሌሊት የሠራ ነርስ ሁሉ ምርጫውን ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ ግን አይናገረውም።

ተረቷ ሎሚውን ሁሉ እኩል ማድረጓም ለሕክምና አይሆንም። ታካሚ እኩል አይደለም። ልምድ ያላት ነርስ ርክክብ ላይ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስንት ታካሚ እንዳለ ሳይሆን «የከፋው ማነው?» ብላ ነው። ከዚያ ከጓደኛዋ ጋር በክፍል ሳይሆን በክብደት ይካፈላሉ። «ከ1 እስከ 4 ላንቺ፣ ከ5 እስከ 8 ለእኔ» የሚለው አከፋፈል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ኦክስጅን ላይ ያሉት ሦስቱም ሰዎች 3 ቁጥር ክፍል ከተኙ ግን አንዷ ሌሊቱን እዚያው ተተክላ ታድራለች። እንዲህ ባለ ሌሊት ሐኪሙን ቀደም ብሎ መጥራት፣ ተራ በተራ አሥራ አምስት ደቂቃም ቢሆን ተቀምጦ ራት መብላት፣ ለሚጠብቀው ሰው «ከአንተ በፊት አምስት ሰው አለ፣ እመጣለሁ» ብሎ እውነቱን መንገር ትንሽ ነገር አይደለም። «እሺ አሁን» ብሎ መሄድ ጥሪውን በእጥፍ ያበዛል።

እኛ አገር ደግሞ ተረቷ ሳትጠራቸው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ አስታማሚዎች። የሚያጥቡት፣ የሚያበሉት፣ የሚያገላብጡት፣ ውጭ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጡት እነሱ ናቸው። «ሲስተር፣ ጉሉኮሱ አልቋል!» የሚለውም ድምፅ የእነሱ ነው። (ነርሱ ወንድ ከሆነ «ዶክተር» ይባላል፤ ይህ ሹመት ደመወዝ አይጨምርም።) ዋርዱን ተሸክመው የሚያድሩት በከፊል እነሱ ቢሆኑም በየትኛውም ሰሌዳ ላይ ስማቸው የለም። አደጋም አለው። ፈሳሹ የዘገየ የመሰለው ወንድም መቆጣጠሪያውን ራሱ ይለቀዋል። ነርሷ ማታውኑ ሁለት ነገር ብታስተምር ብዙ ትገላገላለች፤ ምን ሲያዩ እንደሚጠሯትና ምኑን ፈጽሞ እንዳይነኩ። አስታማሚ የሌለው ታካሚ ግን የሚጠራለት የለም። ዝም ስላለ ደህና ይመስላል፤ ስለዚህ ዙሩ ከእሱ ቢጀመር ይሻላል።

ይህን ሁሉ አድርጋም ጠዋት «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብላ የምትወጣ ነርስ አለች። እዚህ ላይ ተረቷ ታግዛታለች። ሃምሳ ሎሚ የከበደውን ሰው ሰነፍ አላለችውም። ክብደቱን ያመጣው ክፍፍሉ ነው።

ይህ የተለካ ነገርም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ጥናት በ168 ሆስፒታሎች ከ10 ሺህ በላይ ነርሶችን አካቶ ነበር። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ ሲጨመር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ፣ ነርሷ በሥራዋ የመዛልና የመሰልቸት ዕድሏ ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ካሊፎርኒያ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከ2 ታካሚ በላይ እንዳይሰጥ ተደንግጓል፤ በተራ ዋርድ ቁጥሩ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ነው። ተረቷን በሕግ አንቀጽ ማስፈር ይቻላል ማለት ነው።

«ያ ሀብታም አገር ነው» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። የሚያናድደው ግን እኛ ጋ ሰዉ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። በነርስነት ተመርቆ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያይ ወጣት በየከተማው አለ። ሎሚውም አለ፣ ሰዉም አለ፤ በመካከላቸው የቆመው መደብና በጀት የሚባለው ነገር ነው። ይህን ደግሞ የሌሊት ተረኞች ቢዋደዱም ቢተባበሩም አይከፍቱትም።

ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ሲከበር ኬክ ይቆረሳል፣ ተረቷም መድረክ ላይ ትወጣ ይሆናል። እኔ የምመርጠው የሪፖርት መዝገቡን ነው። ከታካሚዎቹ ሁኔታ በላይ አንድ መስመር ይጻፍ፤ የታካሚ ብዛት ይህን ያህል፣ ተረኛ ነርስ 2፣ ሳይሠራ ያደረው ይህና ይህ። ማትሮኗ በጀት ስትጠይቅ የምትይዘው ማስረጃ ይኖራታል። እኔ ባየኋቸው መዝገቦች ግን፣ ከሁለቱ ነርሶች አንዷ ቁጭ ሳትል ባደረችበት ቀን እንኳ፣ የሚነበበው «ሌሊቱ በሰላም አልፏል» የሚል ነው።