የታጣ ሁሉ ተግሣጽ ነውን?

የሰው ልጅ የለመደው ምቾት በድንገት ሲቋረጥበት፣ መንስኤውን ከመመርመሩ አስቀድሞ ትርጓሜውን ለመናገር ይቸኩላል፤ አንዱ የፈጣሪ ቁጣ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ዓለም ያለ ሥርዓትና ያለ ጠባቂ የምትሄድ መሆኗን ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል ብሎ ይፈርዳል። ያጣነው ሁሉ ተግሣጽ ነውን የሚለው ይህ ጥያቄ የመጽሐፈ ኢዮብን ተርጓሚዎች ብዙ ያደከመ ቢሆንም፣ በወረታ ከተማ ጋራዥ ውስጥም ሊመረመር የሚቻል ነው።

የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠለው መንገድ ጋር በሚገናኝባት በዚህች ከተማ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የፎገራ ሜዳ ሐሩር በበረታ ጊዜ፣ እስከ ትናንት ሲያቀዘቅዝ የነበረው የመኪና ኤሲ ነፋስ ብቻ ይሰጥና ቅዝቃዜውን ይነፍጋል። ባለመኪናው «ጋዝ ሙላልኝ» ይላል፤ አዋቂው መካኒክ ግን አይቸኩልም። መሣሪያው ሙቀትን ከስፍራ ወደ ስፍራ ያዛውራል እንጂ ቅዝቃዜን እንደማይፈጥር ያውቃልና፤ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ የላከው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፣ በጠባብ መተላለፊያም አልፎ ግፊቱ ሲወርድ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ እየተነነ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ የመካኒኩ ጥያቄ ሙቀቱ በየትኛው ስፍራ ታገደ የሚል ነው።

መልሱም አንድ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጋዙ ካረጀ ኦሪንግ በጥቂት በጥቂቱ ሲያመልጥ ይኖርና ግፊቱ ከወሰኑ ባነሰ ጊዜ ግፊቱን የሚጠብቀው ስዊች የኮምፕሬሰሩን ክላች ያላቅቀዋል፤ የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር የሚዘዋወር በመሆኑ፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ በቂ ጋዝ ቢሽከረከር ራሱን ያጠፋልና። ለተሳፋሪው ድንገተኛ የመሰለው ለብዙ ወራት ሲዘጋጅ የኖረ ነው፤ ቅዝቃዜውን የነሣውም ጠባቂው ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚያፈሰው ስፍራ ሳይፈለግ ጋዝ ብቻ ሲሞላ ስለ ኖረ፣ ጥፋቱ የባለቤቱ ስንፍና ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የኮንደንሰሩ ክንፎች በመንገድ አቧራና በሩዝ እብቅ ይደፈኑና ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በዚህም የሚጠብቅ ወይም የሚቀጣ የለም፣ የሌላው ሰው እንጀራ ያስነሣው ትቢያ ነው እንጂ።

የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት እግዚአብሔር ይገሥጻል ማለታቸው አልነበረም፤ ሳይመረምሩ ለመከራ ሁሉ አንድ መንስኤ መስጠታቸው ነበር እንጂ። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ የሰውየውንም የወላጆቹንም በደል መንስኤ አላደረገም። ሁሉን ለአጋጣሚ የሚሰጠውም ቢሆን በተቃራኒው መንገድ ያንኑ ስሕተት ይደግማል፤ እብቁን አይቶ ስዊቹን አላየምና።

ለዚህ ምስክር ራሱ የፎገራ ምድር ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ በሜዳው የሚተኛው ውኃ ጤፍን የሚከለክል ስለ ነበረ፣ ውኃውን መርገም ብሎ የተረጎመ ሰው በመርገሙ ላይ ቆሞ በቀረ ነበር፤ ውኃው ለየትኛው ዘር ይስማማል ብለው የጠየቁ ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝን አስፋፍተውበት፣ ወረታም የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ እስከ መሆን ደረሰች።

ስለዚህ መመርመር የእምነት ጉድለት አይደለም። የንስሐ አባት እንኳ ኑዛዜውን ሳይሰማ ቀኖና አይሰጥም፤ እኛም የታጣውን ነገር መንስኤ ሳንጠይቅ በፈጣሪ ስም ፍርድ ብንሰጥ፣ ትሕትና ያደረግን ቢመስለንም ያልተሰጠንን የፈራጅነት ወንበር ወሰድን እንጂ እግዚአብሔርን አላከበርንም።