ድውይን ስለ መለየት

ተላላፊ ደዌ ብዙዎች በአንድ ጣራ ሥር ወደሚያድሩበት ቤት በገባ ጊዜ፣ የታመመውን ከወንድሞቹ ነጥሎ ማስተኛት ሕገ ፍቅርን ማፍረስ ነው ወይስ መፈጸም? ይህ ጥያቄ ለመጻሕፍት መምህራን ብቻ የተተወ አለመሆኑን በምሥራቅ ሱዳን ያለችው ኒው ሀልፋ ያየችው መከራ ያስረዳናል።

ከተማይቱ ራሷ የስደት ልጅ ናት፤ የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ ዋዲ ሀልፋን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ኑባውያን ከአባቶቻቸው ርስት ተነሥተው በዚህ ሰፈሩ፤ እርሻቸውን የሚያጠጣውም በኻሽም ኤል ጊርባ የተገደበው አትባራ፣ ከእኛ ደጋ በሚወርዱት በጓንግና በተከዜ የሚሞላ ወንዝ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ወደ ገዚራ ተሻግሮ በጥቅምት 2017 የምሥራቅ ገዚራን ሕዝብ ባፈናቀለ ጊዜ፣ ኒው ሀልፋ ዳግመኛ ስደተኛ ተቀበለች፤ በአገሩም ብዙ ትምህርት ቤቶችና የተማሪ ማደሪያዎች የቤተሰብ መጠለያ ሆኑ። ኮሌራ ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ በመስከረም 2016 በገዳሪፍ ታይቶ፣ በነሐሴ ደግሞ ከከሰላ ተነሥቶ መዛመቱ በአዋጅ ተነግሮ ነበር።

በእንዲህ ያለ መከራ ብዙ አማኝ፣ የታዘዘ አይቀርም ብሎ እጁን ያጣጥፋል። ፈቃደ እግዚአብሔርን ማሰብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኸሊፋ ዑመር ወደ ሶርያ ሲገሰግሱ መቅሠፍት መግባቱን በሰሙ ጊዜ ጉዟቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ተብለው ቢጠየቁም፣ መመለሳቸውም በዚያው ውሳኔ ውስጥ መሆኑን አስረዱ። በኦሪት ዘሌዋውያንም ለምጻም ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ታዝዟል፤ ዳሩ ግን ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ እንዲያየው የሚያዝ ሥርዓት በዚያው መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ፣ የፊተኛውን ትእዛዝ የሚያስታውሱ ብዙዎች፣ የኋለኛውን የሚያስታውሱ ጥቂቶች መሆናቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

የኮሌራ ጠባይ ደግሞ የጤነኛውን ትዕቢት ይሽረዋል። ተሐዋሲው ካደረባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሕመም አይሰማቸውም፤ ሆኖም ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ በዓይነ ምድራቸው ያወጡታል፤ እንግዲህ በሩን ዘግቶ ድውዩን የሚያገል ሰው የራሱን ንጽሕና በምን ያውቃል? መለየት በሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሊሆን አይገባውም የምለው ስለዚህ ነው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውሃን ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም፣ መጸዳጃን በንጽሕና መያዝ ከታመመው ይልቅ ጤነኛ ነኝ ባዩን የሚመለከት ግዴታ ነው። ደዌው በተበከለ ውሃና ምግብ እንጂ በትንፋሽ የማይተላለፍ በመሆኑም፣ እጁን የሚታጠብ አስታማሚ ከበሽተኛው አጠገብ እንዳይቀመጥ የሚከለክለው የለም። የጸናበት ሰው ካልታከመ በጥቂት ሰዓታት ሊሞት ይችላል፤ ፈጥኖ ከታከመ ግን ከ100 በሽተኞች የሚሞተው 1 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በር ተዘግቶበት ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተ ተማሪ ቢኖር፣ የገደለው ከደዌው ይልቅ የባልንጀሮቹ ፍርሃት ነው።

በኒው ሀልፋም ሆነ በጎንደር በአንድ ማደሪያ የምታድሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የታመመውን ለዩት፤ ነገር ግን ተራ ገብታችሁ አስታምሙት፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ፣ ከሐኪም እስኪደርስ ድረስ ሳታቋርጡ አጠጡት።